ጤና ጣቢያው ያልጠየቃት ጥያቄ

በማናቸውም የሥራ ቀን ጠዋት ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ብንገባ፣ ካርድ ለማውጣት ከተሰለፉት መካከል ይህችን ሴት እናገኛታለን። ዕድሜዋ በሠላሳዎቹ ውስጥ ነው። ራሷን ያማታል፣ ጨጓራዋን ያቃጥላታል፣ ጀርባዋን ይቆረጥማታል፣ ልቧ ያለ ምክንያት ይመታል፣ እንቅልፍ የላትም። ስትመጣም የመጀመሪያዋ አይደለም። ባለፈው ታይፎይድና ታይፈስ ተብላ መድኃኒት ወስዳለች፤ ከዚያ በፊት ጨጓራ ተብላ ኦሜፕራዞል ታዞላታል፤ ከዚያም በፊት የራስ ምታት ማስታገሻ። ሁሉም ለጥቂት ቀን ቀለል አድርጎላታል፤ ሕመሙ ግን ተመልሶ መጥቷል። ይህች ሴት ስም የላትም፤ ብዙ ሴቶች፣ ብዙ ወንዶችም በእሷ ውስጥ አሉ። ባለሙያው የደም ግፊቷን ይለካል፣ ወደ ላብራቶሪ ይልካታል፣ ውጤቷን አይቶ መድኃኒት ይጽፍላታል። «ድሮ ደስ ይልሽ የነበረው ነገር አሁንም ደስ ይልሻል?» ብሎ ግን አይጠይቃትም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ብሂል ለእሷ አይሠራም። የደበቀችው ነገር የለም፤ የሚሰማትን በሙሉ ተናግራለች። ድባቴ በአገራችን ጤና ጣቢያ የሚደርሰው በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው፤ በቁርጥማት፣ በማቃጠል፣ በድካም በኩል። «አዝኛለሁ» ብሎ ካርድ የሚያወጣ ሰው ጥቂት ነው። ታማሚው የሚያመውን ቦታ ያሳያል፤ ሕመሙም እውነተኛ ነው። እንቅልፍን፣ የምግብ ፍላጎትንና የሕመም ስሜትን የሚመራው አንጎል ስለሆነ፣ መንፈሱ የተጎዳ ሰው ሰውነቱም አብሮ ቢታመም ምንም አያስገርምም። የሚያስገርመው ይህን እያወቅን አለመጠየቃችን ነው። ጥያቄውን ደግሞ ሐኪም ብቻ ሳይሆን እናትም፣ ባልም፣ ጎረቤትም፣ የሥራ ባልደረባም ሊጠይቀው ይችላል።

የችግሩ ስፋት የተሰወረ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ለ2019 ባወጣው ግምት በዓለም ዙሪያ 280 ሚሊዮን ያህል ሰው ከድባቴ ጋር ይኖራል። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 ከተካሄደው አገር አቀፍ የጤና ዳሰሳ የተገኘው መረጃ ሲተነተን ከአዋቂዎች 9.1 በመቶው የድባቴን ምልክቶች አሟልተው ተገኝተዋል። በሰው ከሞላ ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ አንድ ተሳፋሪ ማለት ነው። ከዚህ ቁጥር ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ከአዲስ አበባ በስተደቡብ በምትገኘው የሶዶ ወረዳ የታየው ነው። ኢትዮጵያ፣ ሕንድ፣ ኔፓል፣ ደቡብ አፍሪካና ኡጋንዳ በተሳተፉበት ፕራይም በተባለው ፕሮግራም ተመራማሪዎች ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጡ ታካሚዎችን በመጠይቅ ሲመረምሩ፣ ድባቴ ካለባቸው መካከል ባለሙያዎቹ የለዩዋቸው እጅግ ጥቂቶቹን ብቻ ነበር። የቀሩት ሌላ ስም ተሰጥቷቸው፣ ሌላ መድኃኒት ይዘው ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል።

ነገሩ ትናንት የተጀመረም አይደለም። በአዲስ አበባ ይሠራ የነበረው ሆላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ሮበርት ጊል ከባልደረባው ጋር በአንዲት ትንሽ የኢትዮጵያ ከተማ ያካሄደውን ጥናት ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ወደ ጤና ጣቢያ ከሚመጣው ሰው ቀላል የማይባለው የአእምሮ ጤና ችግር ይዞ እንደሚመጣ ያኔውኑ ታውቋል። ከዚያ ወዲህ ከሃምሳ ዓመት በላይ አልፏል።

ታዲያ ምን እንመልከት? ሐኪሞች የሚመሩበት መስፈርት ሁለት ዋና ምልክቶች አሉት፤ ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ መኖር አለበት። አንደኛው የመንፈስ መውረድ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ፣ በየቀኑ ሊባል በሚችል መልኩ የሚሰማ ኀዘን፣ ባዶነት ወይም ተስፋ መቁረጥ። ሁለተኛው ደስታ መጥፋቱ ነው፤ ይወደው የነበረው ነገር ሁሉ ለሰውየው ጣዕም ያጣል። በእኔ አመለካከት ከሁለቱ የበለጠ ልናስተውለው የሚገባን ሁለተኛውን ነው፤ ምክንያቱም ኀዘንን መሸፈን ይቻላል፣ የጠፋ ፍላጎትን ግን የዕለት ኑሮ ያጋልጠዋል። በእኛ ሰፈር ይህ የሚታየው ቡና ላይ ነው። በየጠዋቱ ጎረቤቶቿን ጠርታ ታፈላ የነበረች ሴት መጥራት ታቆማለች፤ ስትጠራም «ራሴን አሞኛል» ብላ ትቀራለች። የዕድር መዋጮዋን ልጇን ትልካለች እንጂ ራሷ አትሄድም። ማኅበር ይቀርባታል። ጎረቤት ደግሞ ይህን በሌላ ይተረጉመዋል፤ «ዘጋችን»፣ «ኮራች» ይላል፣ ተቀይሞም ይርቃታል። በጣም በምትፈልጋቸው ሰዓት ሰዎች የሚርቋት እንዲህ ባለ አለመግባባት ነው። ለዓመታት አብራችሁን ቡና የጠጣች ሴት ድንገት ከቀረች፣ ከመቀየም በፊት በሯን ማንኳኳት ይገባል።

ሌሎቹ ምልክቶች በሁለቱ ዙሪያ የሚሰበሰቡ ናቸው። እንቅልፍ ይዛባል፤ አንዳንዱ ቀኑን ሙሉ ይተኛል፣ ብዙው ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነቅቶ እስኪነጋ ጣሪያ ያያል። ጠዋት ይከብዳል፣ ወደ ማታ ትንሽ ይቀላል። ምግብ አፍ ውስጥ እንጨት እንጨት ይላል፤ ልብስ ይሰፋል። አንዳንዱ በተቃራኒው ያለ ልክ ይበላል። ምንም ሳይሠሩ መድከም አለ፤ ገላ መታጠብ እንኳ ተራራ መውጣት የሚመስልበት ቀን። አነጋገርና እንቅስቃሴ ይዘገያል፣ ወይም ሰውየው መቀመጥ አቅቶት ይንቆራጠጣል። ሐሳብ መሰብሰብ ያቅታል፤ ተማሪው አንዱን ገጽ አሥር ጊዜ ያነባል፣ የሒሳብ ሠራተኛዋ የማትሳሳተውን ትሳሳታለች። ከሁሉ የሚከፋው ራስን መኮነን ነው። ሰውየው ለቤተሰቡ ሸክም እንደሆነ፣ የደረሰበት ሁሉ የኃጢአቱ ዋጋ እንደሆነ፣ ባይኖር ለሁሉም እንደሚሻል ማሰብ ይጀምራል። ከሁለቱ ዋና ምልክቶች አንዱን ጨምሮ ከእነዚህ አምስቱ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑት ለሁለት ሳምንት ከዘለቁና የሰውየውን ሥራ ወይም ማኅበራዊ ኑሮ ካወኩ፣ ድባቴ ነው ለማለት ያበቃሉ። አይቶ ይህን የሚወስነው ባለሙያ ነው፤ መጠርጠር ግን የሁላችንም ድርሻ ነው።

ወንዶች ላይ መልኩ ሌላ ሊሆን ይችላል። አለቀሰ ከመባል ተቆጣ መባል የሚቀልበት ወንድ ብዙ ነው። ሚስቱ «በትንሽ በትልቁ ይጮህብናል» ትላለች፤ ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ ወደ መጠጥ ቤት መሄድ ጀምሯል፣ ወይም ከጫት አይነሳም። መጠጡ ችግሩን ያመጣው ይመስለናል። ብዙ ጊዜ ግን ሰውየው የሚጠጣው እንቅልፍ ፍለጋ ነው፤ መጠጡ ደግሞ እንቅልፉንም መንፈሱንም መልሶ ያበላሽበታል። ለዚህ ሰው «መጠጥ ተው» የሚለው ምክር ብቻውን አይበቃውም።

ኀዘንና ድባቴ የሚለያዩበትን ቦታ ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ በእኛ ባህል ብዙ ስሕተት የሚሠራው እዚህ ላይ ስለሆነ። ባህላችን ለኀዘን ሥርዓት አበጅቶለታል። ለቅሶ አለ፣ ሠልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ሰማንያ አለ፣ ተዝካር አለ። ኀዘንተኛ ብቻውን አያድርም፤ ምግብ ከጎረቤት ይመጣለታል፣ እንዲያለቅስ ይፈቀድለታል፣ ቀስ በቀስም ጥቁሩን እንዲያወልቅ ይለመናል። ይህ ሥርዓት እጅግ ብዙ ሰዎችን ከከፋ ነገር የጠበቀ ይመስለኛል። ኀዘን የሚመጣው በማዕበል ነው፤ ሟቹ ሲነሳ ይገነፍላል፣ ደግሞ ይረጋል፤ በመካከሉ ሰው ስለ ሟቹ እያነሳ ፈገግ ይላል። ሟቹን ይናፍቃል እንጂ ራሱን የማይረባ አድርጎ አይቆጥርም። ድባቴ ግን አይረጋም። ለሟቹ ማዘን ቀርቶ ሰውየው ራሱን መኮነን ከጀመረ፣ አርባውና ሰማንያው አልፈው ከአልጋ መነሳት ካቃተው፣ «እሱን ተከትዬ በሄድኩ» ማለት ካበዛ፣ «ኀዘን ነው፣ ይወጣለታል» ብሎ መተው አደገኛ ነው። ኀዘን ለድባቴ በር ሊከፍት ይችላል፤ ምክንያቱ የታወቀ መሆኑም ሕመሙን ሕክምና የማያስፈልገው አያደርገውም። እግሩ የተሰበረን ሰው ከምን እንደወደቀ ስላወቅን ብቻ ሳናሳክመው አንቀርም።

አራስ ቤት ሌላው ቦታ ነው። ገንፎው ተገንፍቶ፣ ጎረቤቱ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ሲገባ ሲወጣ፣ እናቲቱ ሕፃኑን አቅፋ ምንም አይሰማትም። ወይም ታለቅሳለች፣ ለምን እንደሆነ አታውቅም። ከወለዱ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድ መባስ ብዙ እናቶችን ያገኛል፣ በሁለት ሳምንት ውስጥም ይጠፋል። ከዚያ ካለፈ ሌላ ነው። በቡታጅራ አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ከ1,000 በላይ ነፍሰ ጡሮችን የተከታተለ ጥናት በእርግዝና ወቅት የነበረ የአእምሮ ጭንቀት ከምጥ መርዘምና ጡት ማጥባት ዘግይቶ ከመጀመር ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል፤ ጭንቀት ካለባቸው እናቶች የተወለዱ ሕፃናትም ተቅማጥ ይበዛባቸዋል። የእናቲቱ መንፈስ የሕፃኑም ጤና ነው ማለት ነው። ነፍሰ ጡር ክትትል ስትመጣ ክብደቷ ይለካል፣ ደሟ ይመረመራል፣ የፅንሱ ልብ ይደመጣል። መንፈሷን መጠየቅ ከዚህ ሁሉ ያነሰ ጊዜ ይወስዳል። የሚያሳፍራት ነገር እንዳለ ደግሞ እናውቃለን፤ ልጅ የተሰጣት ሴት አዘነች ተብላ እንዳትወቀስ ትፈራለች። ስለዚህ ጠያቂው «ብዙ እናቶች ከወሊድ በኋላ እንዲህ ይሰማቸዋል፣ አንቺስ?» ብሎ ቢጀምርላት ይቀላታል።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጠበል ወይም ወደ መስጊድ ነው። ይህን የሚንቅ የጤና ባለሙያ ታማሚውን ያጣዋል። እምነት ለተጨነቀ ሰው የሚያኖረው ኃይል ይሰጠዋል፣ ከሰው ጋር ያገናኘዋል፣ ራስን ከማጥፋትም ብዙዎችን ያስቆማል። ችግሩ የሚመጣው አንዱ ሌላውን እንዲተው ሲያዝ ነው። በዚህ ረገድ መልካም ምሳሌ አለን። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል፤ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች መሆናቸውን አስረድተዋል። በእንጦጦ ማርያም ደግሞ የጠበል አገልጋዮችና የአእምሮ ሐኪሞች ተባብረው ታማሚዎችን የረዱበት ሥራ ተሠርቶ ውጤቱ በሳይንሳዊ መጽሔት ታትሟል። ጠበል እየተጠመቁ መድኃኒት መዋጥ እንደሚቻል ካህኑ ሲናገር የሚያምነው ሰው፣ ሐኪሙ ብቻውን ሲናገር ከሚያምነው ይበዛል።

እንግዲህ መቼ ነው እርዳታ መፈለግ ያለብን? ሁለት ሳምንት አንዱ መለኪያ ነው፤ ሌላው የኑሮ መደናቀፍ ነው። ሰውየው ሥራው፣ ትምህርቱ፣ ልጆቹን መንከባከቡ፣ ንጽሕናው ከተጓደለ ሁለት ሳምንቱን ቆጥሮ መጨረስ አያስፈልግም። ከዚህ በፊት ታሞ የዳነ ሰው ምልክቶቹን ያውቃቸዋል፤ እንቅልፉ እንደተዛባ ቶሎ ይሂድ። የስኳር፣ የቲቢ፣ የኤች አይ ቪ ክትትል ያላቸው ሰዎች መድኃኒታቸውን መዝለል ሲጀምሩ ቤተሰብ መንፈሳቸውንም ይጠይቅ። ወደ ሐኪም መሄዱ ለሌላም ነገር ይጠቅማል፤ የደም ማነስና የታይሮይድ ዕጢ ችግር ድባቴን የሚመስል ድካም ስለሚያመጡ ተመርምረው መለየት አለባቸው። አንድ ነገር ደግሞ ለሐኪሙ ሳይነገር መቅረት የለበትም፤ ታማሚው ቀደም ሲል እንቅልፍ ሳያምረው ለቀናት የቆየበት፣ ያለ ልክ የተደሰተበት፣ ገንዘብ የበተነበት ወቅት ካለ ሕክምናው ይለያል።

የማይጠበቅበት ሁኔታም አለ። ሰውየው ስለ መሞት ካወራ፣ ንብረቱን ማከፋፈል ወይም መሰናበት የሚመስል ነገር ከጀመረ፣ መብላትና መጠጣት ካቆመ፣ ሌሎች የማይሰሙትን ድምፅ ከሰማ ጉዳዩ የዚያው ቀን ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚይዘው ፍርሃት «ብጠይቀው ሐሳቡን አስገባበታለሁ» የሚል ነው። ይህ ስሕተት መሆኑን ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። «ሕይወትህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በቀጥታና በርጋታ መጠየቅ ሐሳቡን አይዘራም፤ ብዙ ጊዜ የተጠየቀው ሰው እፎይ ይላል። መልሱ አዎ ከሆነ አትቆጡት፣ ኃጢአቱን አትዘርዝሩለት። ብቻውን አትተዉት፤ በቤት ያለውን መድኃኒትና የተባይ ማጥፊያ ከእጁ አርቁ፤ በአቅራቢያ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አብራችሁ ሂዱ። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2022 ጀምሮ በ988 ቀንና ሌሊት መደወል ይችላሉ፤ አስተርጓሚ መጠየቅም ይቻላል።

ሰዎች ሐኪም ቤት ከመሄድ የሚከለክላቸው አንዱ ነገር የአማኑኤል ስም ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ስለነበር፣ ስሙ በከተማው አፍ ስድብ ሆኖ ኖሯል። «አማኑኤል ገባ» ላለመባል ስንቱ ታሞ ተቀምጧል! አሁን ግን ብዙ አጠቃላይ ሆስፒታሎች የአእምሮ ጤና ተመላላሽ ክፍል አላቸው፤ መካከለኛ ድባቴ ያለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ተኝቶ መታከም አያስፈልገውም። የባለሙያውም ቁጥር አድጓል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር የስፔሻሊቲ ሥልጠናውን ሲጀምር፣ እ.ኤ.አ. በ2003፣ በመላ አገሪቱ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች 11 ያህል ብቻ ነበሩ። ዛሬም ለዚህ ሕዝብ አይበቁም፤ ለዚህ ነው ነገሩ በጤና ጣቢያ መጀመር ያለበት።

ሕክምናው ምን እንደሆነ ማወቅ ፍርሃቱን ያቀልለዋል። ቀላል ለሆነ ድባቴ የንግግር ሕክምና ብቻውን ሊበቃ ይችላል፤ ባለሙያው ሰውየው የተዋቸውን ነገሮች በትንሽ በትንሹ እንዲመልስ ያግዘዋል፣ ያነቀውን ችግር ከፋፍሎ እንዲያየው ያደርጋል። ከዚያ ለከበደው መድኃኒት አለ፤ ፍሉኦክሴቲንና አሚትሪፕቲሊን በአገራችን የታወቁ ናቸው። ሁለቱም ፓራሲታሞል በሚሠራበት ፍጥነት አይሠሩም። ለውጡ የሚታየው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ ዘግይቶ ነው፤ የአፍ መድረቅ፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ የመሳሰሉት የጎንዮሽ ስሜቶች ግን ቀድመው ይመጣሉ። ብዙ ሰው በአሥረኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ የሚተወው ለዚህ ነው። የተሻለውም ሰው ወዲያው ማቆም የለበትም፤ ለወራት መቀጠል አለበት፤ ሲቆምም ከሐኪሙ ጋር ቀስ እያሉ ነው። እነዚህን ነገሮች በመጀመሪያው ቀን የሚነግር ባለሙያ ታማሚውን ግማሽ መንገድ አሻግሮታል። «አይዞሽ፣ ጠንክሪ» የሚለው የቤተሰብ ቃል ከፍቅር የሚመጣ ነው፤ ለታማሚው ግን ጥንካሬ አጥታ የታመመች ያስመስላታል። «አብሬሽ እሄዳለሁ» ቢባል ይበልጣል። ካርዱን ማውጣት፣ ወረፋውን መጠበቅ፣ ቀጠሮውን ማስታወስ ለታማሚ ከባድ ነው፤ ዘመድ የሚረዳው በእነዚህ ነው።

ሐኪም አንሶናል ማለት ታዲያ እጅን ለማጠፍ ምክንያት አይሆንም። በዚምባብዌ የአእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ አንዲት ታካሚያቸው ወደ ሆስፒታል የምትመጣበት 15 ዶላር የአውቶቡስ መሳፈሪያ አጥታ ሕይወቷን እንዳጠፋች በአደባባይ ተናግረዋል። ከዚያ ሐዘን በኋላ እ.ኤ.አ. በ2006 በሐራሬ ምባሬ ሰፈር የጀመሩት ሥራ የሰፈር አያቶችን አሠልጥኖ በክሊኒኮች ቅጥር ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ነበር። አያቶቹ ያዳምጣሉ፣ ከታማሚው ጋር አንድ ችግር መርጠው መፍትሔ ይፈልጋሉ። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመው ንጽጽራዊ ጥናት የተረዱት ሰዎች ምልክት ከሌሎቹ በጣም መቀነሱን አሳይቷል። እኛም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉን፣ ዕድር አለን፣ የንስሐ አባት አለን። ማዳመጥን ያልለመደ ሕዝብ አይደለንም።

ከጤና ሚኒስቴርና ከየክልሉ ጤና ቢሮ የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። የደም ግፊት በሚለካበት ጠረጴዛ ላይ ሁለት ጥያቄዎች ይጨመሩ፦ ባለፉት ሁለት ሳምንታት መንፈስዎ ወርዶ፣ ተስፋ ቆርጠው ያውቃሉ? ለነገሮች ፍላጎት ወይም ደስታ አጥተው ያውቃሉ? ከሁለቱ አንዱ «አዎ» ከተባለ ባለሙያው ጨምሮ ይጠይቅ፤ መልሱም በካርዱ ላይ ይጻፍ። ጠያቂው መልሱን ለመስማት ጊዜና ሥልጠና ይሰጠው፤ መድኃኒቱም በጤና ጣቢያው መድኃኒት ቤት ይኑር። ይህ እስኪሆን ድረስ፣ ለሦስተኛ ጊዜ የታይፎይድ ምርመራ ታዝዞላት ወረፋ ላይ ያለችው ሴት ራሷ ልትለው የምትችለው ነገር አለ፦ «ዶክተር፣ ራስ ምታቱ ከጀመረኝ ጀምሮ እንቅልፍም ደስታም አጥቻለሁ፤ የመንፈስ ጭንቀት እንዳይሆን ይመልከቱልኝ።»